የቆርቆሮው አፍ

እስቲ ጠጋ በሉ። የዛሬው ትረካ የሚነሣው ከፍንዳታ ነው።

ቀኑ ኅዳር 12 ነበር፤ ኅዳር ሲታጠን። ሰፈርተኛው ሁሉ ጥራጊውን አውጥቶ በየደጁ ከምሮ ለኩሶበታል። የአንዱ ጭስ ከሌላው ተደባልቆ መንደሩን ሸፍኖታል። እኛ ልጆቹ ዓይናችን እያነባ ከአንዱ ክምር ወደ ሌላው እንሯሯጣለን። እኔ ከአልጋ ሥር ያገኘሁትን የፍሊት ቆርቆሮ ይዣለሁ። ባዶ ነው። ባዶነቱንም በሚገባ አረጋግጫለሁ፤ አናቱን ብጫን ብጫን እንኳን ሊረጭ "እስስ" ማለትም አቅቶታል። ወረወርኩት።

ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ። ላዩ ላይ የተሣለው በረሮ መጀመሪያ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ተላጠ። ከዚያ ምድር የተሰነጠቀች መሰለኝ። አመዱ፣ ቆረቆንዳው፣ ያልነደደው ቡቱቶ ሁሉ ወደ ላይ ተነሣና ተመልሶ በእኛው ላይ ዘነበ። አያቴ ነጠላቸው እየተጎተተ "ወየው ልጄን!" እያሉ ወጡ። ከጆሮዬ በቀር የተጎዳ ነገር አልነበረም፤ እሱንም ቢሆን የጎዳው ፍንዳታው ሳይሆን የአያቴ ቁንጥጫ ነው።

በማግስቱ ቆርቆሮውን ከአመዱ ውስጥ ፈልጌ አወጣሁት። ጎኑ ደህና ነው። የተለወጠው ቂጡ ነው። የፍሊት ቆርቆሮ ገልብጣችሁ ካያችሁ ቂጡ እንደ ስኒ ማስቀመጫ ወደ ውስጥ የሰረጎደ ነው፤ የእኔው ግን ወደ ውጭ ተገልብጦ እንደ እንጀራ ምጣድ ክዳን አብጧል፣ በአንድ በኩልም ከስፌቱ ተተርትሯል። ባዶ ያልኩት ዕቃ ባዶ አልነበረም ማለት ነው። ታዲያ ምን ነበረበት? አሁን አልነግራችሁም። መንገዱ በኖርዌይ በኩል ይዞራል።

ከስሙ እንነሣ። የበረሮና የትንኝ መርጫውን ሁሉ "ፍሊት" እንላለን። ስሙ የአንድ ዕቃ ስም ነበር። የኒው ጀርሲው ስታንዳርድ ኦይል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1923 ከነዳጅ የተዘጋጀ የነፍሳት መግደያ አወጣና ፍሊት አለው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ ናቸው፤ የእኛው ሲሆን እነግራችኋለሁ።) የሚረጨው በእጅ ፓምፕ ነው፤ እንደ ብስክሌት መንፊያ ያለ ቱቦ፣ ከጫፉ ሥር ክብ ጣሳ የተገጠመለት። እጀታውን ሲገፉት ንፋሱ ከጣሳው በወጣው ቀጭን ቱቦ አናት ላይ ያልፍና ፈሳሹን ስቦ ይበትነዋል። የዚህን ዕቃ ማስታወቂያ ከ1928 ጀምሮ በካርቱን ይሥል የነበረው ቴዎዶር ጋይዝል የተባለ ወጣት ነው፤ ዓለም በኋላ ዶክተር ስውስ ብሎ ያወቀው የልጆች መጻሕፍት ደራሲ። ሰውየው ለዓመታት እንጀራውን የበላው በትንኝ ነው።

ፓምፑ ክፉ አልነበረም፤ ክንድ ያዝላል እንጂ። ግፊቱ ከሰው ነው የሚመጣው። ሰው ሲደክም ጠብታው ይወፍራል፣ የወፈረ ጠብታ ደግሞ አየር ላይ አይቆይም፣ ወለሉን ያረጥባል። ትንኟ ጣሪያው ላይ ሆና ታየዋለች። ግፊቱን አስቀድሞ ዕቃው ውስጥ ማጎር ቢቻልስ?

ኤሪክ ሮትሃይም የሚባል ኖርዌያዊ ኬሚካል መሐንዲስ በ1926 በአገሩ ያስመዘገበው ፈጠራ ይህንኑ ነው፤ አሜሪካም በ1931 የባለቤትነት መብት ሰጠችው። ነገሩ እንዲህ ነው። የሚረጨውን ፈሳሽ ዕቃ ውስጥ ታደርጋላችሁ። ከእሱ ጋር፣ ሲለቁት ጋዝ ሆኖ የሚበን፣ ሲያፍኑት ግን ፈሳሽ ሆኖ የሚቀመጥ ነገር ትጨምራላችሁ። ከዚያ ጥርቅም አድርጋችሁ ትዘጋላችሁ። ከታፈነው ጥቂቱ ይተንና የቆርቆሮውን የላይኛውን ባዶ ቦታ ይሞላል፤ ከሥሩ ያለውን ፈሳሽ ቁልቁል ይጫነዋል። አፉ የተከፈተ እንደሆን ፈሳሹ በቱቦው ሽቅብ ከመውጣት በቀር መሄጃ የለውም።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆዩልኝ፤ የነገሩ ማር ያለው እዚህ ነው። ተራ አየር ብቻ ቢታፈንበት ኖሮ እንደ ፊኛ መጀመሪያ ላይ ይጋልባል፣ ኋላ ይዝላል። ይሄኛው ግን ከላይ ቦታ በተለቀቀ ቁጥር ከፈሳሹ አዲስ እንፋሎት ይነሣና ይተካል። ሙቀቱ እስካልተለወጠ፣ ከዚያ ፈሳሽ አንዲት ጠብታ እስከቀረች ድረስ፣ የመጀመሪያው ቀን ግፊትና የመጨረሻው ቀን ግፊት አንድ ነው። ደጋግማችሁ ስትረጩ ቆርቆሮው እጃችሁ ላይ የሚቀዘቅዘውም ለዚህ ነው፤ የሚተነው ነገር ሙቀት ይበደራል፣ ከቆርቆሮውም ከመዳፋችሁም። ብድር መመለስ ግን አያውቅም።

ሮትሃይም መብቱን ለአንድ የአሜሪካ ኩባንያ በ100,000 ክሮነር ሸጠው። በ1938 ወደ 40 ዓመቱ ገደማ ሞተ። ቆርቆሮው ዓለምን ሲያጥለቀልቅ ለማየት አልታደለም። አገሩ በ1998 በፈጠራው ስም የፖስታ ቴምብር አሳተመችለት።

አሁን ባሕር እንሻገር። ሜሪላንድ፣ ቤልትስቪል፤ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የምርምር ጣቢያ። ላይል ጉድሂዩ የሚባል ኬሚስትና ዊልያም ሱሊቫን የሚባል የነፍሳት ተመራማሪ አሉ። ጉድሂዩ ያዘጋጀውን ነገር ለመሞከር ሰኞን መጠበቅ አቃተውና በ1941 የፋሲካ እሁድ ቤተ ሙከራ ገባ። ቀን ከቀን ማስተያየት ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 5 ቀን 1933 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ ሊገቡ 22 ቀን ሲቀራቸው። ጉድሂዩ በረሮዎቹ ላይ ረጨ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም በጀርባቸው ተንጋለው እግራቸውን ሰቀሉ።

ውስጡ የነበረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ፓይሪትረም፤ በኬንያ ደጋ በብዛት ይበቅል ከነበረ ነጭ አበባ የሚጨመቅ መርዝ። ሁለተኛው ፍሪዮን 12 የሚባለው የማቀዝቀዣ ጋዝ፤ ግፊቱን የሚሰጠው እሱ ነው። ሦስተኛውን ሳነብ ሣቄ መጣ፦ የሰሊጥ ዘይት። አዎ፣ የሑመራና የመተማ ገበሬ የሚያጭደው ሰሊጥ። ሰሊጥ ብቻውን በረሮ አይገድልም። ነገር ግን ነፍሳቱ መርዙን ከሰውነታቸው የሚያፈርሱበትን አቅም የሚሰልብ ነገር አለው። መርዙ በረሮውን ይጥለዋል፤ ሰሊጡ እንዳይነሣ ይይዘዋል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቀረውን ሠራ። በፓስፊክ ደሴቶች የአሜሪካን ወታደር ከጥይት እኩል ወባ ይጥለው ነበር። በድንኳኑ ውስጥ የሚረጨው የብረት ዕቃ "የተባይ ቦምብ" የሚል ስም ወጣለትና በአሥር ሚሊዮኖች ተመረተ። ጉድሂዩና ሱሊቫን በ1943 መብቱ ሲጸድቅላቸው ለመንግሥት አስረከቡት፤ ሠራተኞቹ ነበሩና።

ቦምብ የሚለው ስም ግን ያለ ነገር አልወጣም። ጎሚስታ ለቤት መኪና 30 ገደማ ይነፋል። ፍሪዮን 12 በተራ የክፍል ሙቀት በዚያው መለኪያ 70 ይደርሳል። ስለዚህ ዕቃው ወፍራም ብረት ነበር፤ ወታደር ይሸከመው እንጂ የቤት እመቤት በስንት ገዝታ ትጥለዋለች? ከጦርነቱ በኋላ መሐንዲሶቹ ፍሪዮን 12ን ፍሪዮን 11 ከተባለ ሰነፍ ወንድሙ ጋር ቀላቀሉት። ሰነፍ ያልኩት በ24 ዲግሪ ገደማ ካልሆነ መፍላት ስለማይወድ ነው። ግፊቱ ወደ ግማሽ ወረደ። እንግዲያው እንደ ቢራ ቆርቆሮ የሳሳ ላሜራ ይበቃል ተባለ። የሳሳ ላሜራ ቂጡ ጠፍጣፋ ቢሆን ያብጥ ነበር፤ ወደ ውስጥ ሲጎብጥ ግን እንደ ጎንደር የድንጋይ ድልድይ ቅስት ሸክሙን ወደ ዳሩ ይገፋዋል። ያቺ ከአመድ ያወጣኋት ስኒ ማስቀመጫ የጌጥ ነገር አልነበረችም።

እስከዚህ ድረስ ሰው ሁሉ ያሰበው ስለ ቆርቆሮው ሆድ ነው። አፉ ተረሳ። ባልቮላው ከነሐስ የሚቀረጽ፣ ውድ፣ ደግሞም የሚያንጠባጥብ ነበር። ዕቃው ሱቅ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ማንም ሳይነካው ጋዙን ያፏጭና ያልቃል።

ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ሮበርት አብፕላናልፕ የሚባል የስዊስ ስደተኞች ልጅ ትንሽ ቶርኖ ቤት ከፍቶ ይሠራ ነበር። ትምህርቱን ያልጨረሰ፣ ከጦርነት የተመለሰ ሰው ነው። በ1949፣ በ27 ዓመቱ፣ ይህን የሚያፏጭ አፍ ሊዘጋ ተነሣ። የሠራው በ1953 የባለቤትነት መብት ያገኘ፣ ብዙው አካሉ ፕላስቲክ የሆነ ባልቮላ ነው። ያለቀ ቆርቆሮ ካላችሁ (እሳት አጠገብ አይሁን፣ ውስጡ ያለውም ሙሉ በሙሉ ይውጣ) ብቅ ያለውን ቁልፍ ሳብ አድርጋችሁ ንቀሉና ከሥሩ ያለውን ተመልከቱ። ቀጭን ግንድ ታያላችሁ፤ መሐሉ ቱቦ ነው፤ ከጎኑ መርፌ የማታህል ቀዳዳ አለችው። ቀዳዳዋን ቀለበት የመሰለች ጎሚኒ አቅፋ ይዛታለች። ከግንዱ ሥር ሞላ አለ፤ ግንዱን ሁልጊዜ ወደ ላይ ይገፋል። ጣታችሁ ሲጫን ግንዱ ይወርዳል፣ ቀዳዳዋ ከጎሚኒዋ እቅፍ ወደ ታች ታመልጣለች፣ ፈሳሹ ይገባባታል። ጣታችሁ ሲነሣ ሞላው ይመልሰዋል፣ ጎሚኒዋም ታቅፋለች። በቃ። ሌላ ጥበብ የለውም። በጥቂት ሳንቲም በሚሊዮን ማምረት መቻሉ ነው ጥበቡ።

አብፕላናልፕ በዮንከርስ ከተማ ኩባንያ አቋቋመና ባለጸጋ ሆነ። ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን የልብ ወዳጁ ነበሩ፤ በባሃማስ ደሴቱ ላይ እየሄዱ ያርፉ ነበር። በ2003 በ81 ዓመቱ አረፈ። እንግዲህ ሆዱን የፈጠረው ቴምብር፣ አፉን የፈጠረው ደሴት ደረሰው። እኔ ብጠየቅ ፍርዱ የተዛባ ነው አልልም። ሐሳብ ያለው ብዙ ነው፤ እንዳያንጠባጥብ አድርጎ የሚዘጋው ግን ጥቂት።

አፉ ከተገኘ በኋላ ወደ ቆርቆሮ ያልገባ ነገር የለም። በዚያው በ1949 ኢሊኖይ ውስጥ ኤድዋርድ ሲሞር የተባለ የቀለም ነጋዴ፣ የብርማ ቀለሙን እንዴት ላሳይ ብሎ ሲያስብ ሚስቱ ቦኒ በቆርቆሮ ብትረጨውስ አለችው። የስፕሬይ ቀለም ሲነቀንቁት "ኳ ኳ" የሚለው ትንሽ ኳስ ነው፤ ከሥር የዘቀጠውን ቀለም ያነቃል። ጋራዥ ውስጥ የዛገ ቡሎን እንቢ ሲል መካኒኩ የሚጣራው ደብሊው ዲ ፎርቲ በ1953 ሳን ዲዬጎ ውስጥ ለሚሳኤል ዝገት መከላከያ ተብሎ የተቀመመ ነው፤ 40 የተባለው ቅመማው በ40ኛው ሙከራ ስለተሳካ ነው። የጸጉሩን፣ የብብቱን፣ የክሬሙን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላል የአገሬ ሰው። እስቲ የወጣው የት እንደደረሰ ልንገራችሁ።

ፍሪዮንን ያገኘው ቶማስ ሚጅሊ የተባለ አሜሪካዊ ነው። የዚያን ጊዜ ማቀዝቀዣዎች ጋዛቸው ይፈነዳ ወይም ይመርዝ ነበር። ሚጅሊ በ1930 በኬሚስቶች ጉባኤ ፊት አዲሱን ጋዝ በሳምባው ሙሉ ሳበና በሻማ ላይ ተነፈሰው። እሱም አልሞተም፣ ሻማውም ጠፋ። አይመርዝም፣ አይነድም፤ ተጨበጨበለት። ቤንዚን ውስጥ እርሳስ የጨመረውም ይኸው ሰው ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን አየርን እንዲህ ሁለት ጊዜ የጎዳበት ታሪክ አላውቅም። በመጨረሻ በፖሊዮ ሽባ ሆኖ፣ ከአልጋው እንዲያነሣው ራሱ የሠራው የገመድና የመዘውር መሣሪያ አንገቱን አንቆት በ1944 ሞተ።

የፍሪዮን ምግባሩ ራሱ ነው ኃጢአቱ። ከምንም ጋር አይጣላም፤ ስለዚህ አይፈርስም። እንግሊዛዊው ጄምስ ላቭሎክ በ1971 እና 72 በመርከብ ወደ አንታርክቲካ ሲጓዝ በሄደበት ውቅያኖስ ሁሉ አየሩን መዘነ፤ ማንም ቆርቆሮ በማይጫንበት ባሕር መሐል እንኳ አገኘው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሼርውድ ሮውላንድና ሜክሲኳዊው ማሪዮ ሞሊና ቀላል ጥያቄ ጠየቁ፦ ታዲያ መጨረሻው የት ነው? መልሱ ሽቅብ ነበር። ጋዙ ቀስ እያለ ወደ ላይኛው አየር ይወጣል፤ እዚያ ብርቱው የፀሐይ ጨረር ይሰብረዋል፤ ክሎሪን ይለቀቃል፤ አንዲት የክሎሪን አተም፣ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር ከሚከልለን ከኦዞን፣ ወደ 100,000 ሞለኪውል ታፈርሳለች። ሮውላንድ አንድ ማታ ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ፣ ሥራው ደህና እየሄደ ነው፣ ግን የዓለም ፍጻሜ ሳይሆን አይቀርም እንዳላት ይነገራል። ቤታቸው ያለውን ቆርቆሮ ለቅመው ጣሉ።

ጽሑፋቸው ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣው ሰኔ 28 ቀን 1974 ነው። በእኛ ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም.። በዚያው ዕለት አዲስ አበባ ላይ ደርግ ተቋቋመ። አዲስ አበባ ያን ዕለት ስለ ኦዞን የሚያስብ ሰው አልነበረም፤ አይፈረድበትም።

ኢንዱስትሪው ተቆጣ። አንድ የሙያው መጽሔት ሮውላንድን የኬጂቢ ሰው ሳይሆን አይቀርም እስከማለት ደረሰ። ሆኖም ሕዝቡ ቆርቆሮውን መሸሽ ጀመረ፤ አሜሪካም በ1978 ፍሪዮንን ከመርጫ ቆርቆሮ አገደች። በ1985 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ ኦዞኑ መሳሳቱን ሲያስታውቁ ክርክሩ አከተመ። ፍሪዮንን የሚገድበው የሞንትሪያል ስምምነት መስከረም 16 ቀን 1987 ተፈረመ። ኢትዮጵያ በ1994 ገባችበት፤ ኋላ የተባበሩት መንግሥታት አባላት በሙሉ አጸደቁት።

ታዲያ ፍሪዮን ሲወጣ ምን ገባ? አሁን የአያቴ ደጃፍ ደረስን። የገባው ቡቴንና ፕሮፔን ነው፤ የወጥ ቤቱ ሲሊንደር ጋዝ ራሱ። ርካሽ ነው፣ ኦዞን አይነካም፣ ይነዳል። በ1970ዎቹ መጨረሻ አብፕላናልፕ እንደገና ብቅ ብሎ ውኃ የበዛበትን ቅልቅል በዚህ ጋዝ አሳስቶ የሚረጭ ባልቮላ አወጣ፤ አፉን አሁንም እሱ ነው የዘጋው። የእኔ ቆርቆሮ መርዙን ጨርሶ ነበር፤ ግፊቱም ከማፏጨት በታች ወርዷል። በውስጡ የቀረው እንፋሎት ግን እሳት ውስጥ ሲሞቅ አበጠ፣ ቂጡን ገለበጠው፣ ስፌቱን ተረተረው፣ ነበልባሉን አገኘው። የሰፈሩን በሽታ ለማጠን በተነደደው እሳት ውስጥ የወጥ ቤት ሲሊንደር ቁራጭ ጥዬ ኖሯል።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፣ ሳልነግራችሁ የዘለልኩት አንድ ቆርቆሮ አለ። በ1955 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የራይከር ላቦራቶሪስ ኃላፊ የነበረው የጆርጅ ሜዘን የ13 ዓመት ልጅ አስም ነበረባት። በጎማ ፊኛ እየጨመቀች ከመስተዋት ዕቃ መድኃኒት ትስባለች፤ ዕቃው ይሰበራል፣ መጠኑ አይታወቅም። አባቷን፣ መድኃኒቴ ለምን እንደ ጸጉር ስፕሬይ አይሆንም አለችው። የመሥሪያ ቤቱ ኬሚስት ኢርቪንግ ፖሩሽ የአይስክሬም ማቀዝቀዣና ባዶ የኮካ ጠርሙሶች ይዞ ሥራ ጀመረ፤ ለሽቶ ተብሎ የተሠራ እየመጠነ የሚለቅ ባልቮላ ተገኘ። በ1956 ዕቃው ገበያ ላይ ዋለ። ዛሬ ፋርማሲ ገብታችሁ "ፓፍ" ብላችሁ የምትገዙት የእሱ ልጅ ነው።

አንድ ችግር ግን አለው። ትንፋሹን ከጣቱ ጋር ማስማማት ያልቻለ ሰው፣ ይልቁንም ሕፃን፣ መድኃኒቱ በፍጥነት ወጥቶ ጉሮሮው ላይ ይለጠፍበታል፤ ሳምባ አይደርስም። በቆርቆሮውና በአፉ መሐል ሰፋ ያለ ባዶ ዕቃ ቢገባ ጉሙ ቆም ብሎ ይጠብቀዋል። የፋብሪካው ዕቃ ውድ ነው። ኬፕታውን ውስጥ ሄዘር ዛር የምትባል የሕፃናት ሐኪምና ባልደረቦቿ በ1999 ላንሴት ላይ ባወጡት ጥናት፣ ቂጡ የተበሳ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ከፋብሪካው ዕቃ እንደማያንስ አሳዩ።

ባለፈው ኅዳር ነው። የጎረቤቴ ልጅ ጭሱ አፍኗት ደረቷ እንደ ወናፍ ሲነፋ፣ እናቷ አዝላት እኔ ቀድሜ እየሮጥኩ ጤና ጣቢያ ደረስን። ተረኛዋ ነርስ ዙሪያዋን አየችና ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ሃይላንድ አነሣች፤ ሃይላንድም እንደ ፍሊት የአንድ ዕቃ ስም ነበረ። የቀረውን ውኃ ደፋችው፣ አራገፈችው። ቂጡን በመቀስ ሰንጥቃ የፓፉን አፍ አስገባችበት፤ ዙሪያውን በፕላስተር ጠቀለለችው። የጠርሙሱን አፍ ልጅቷ አፍ ውስጥ አድርጋ "በይ የኔ እናት፣ ዝም ብለሽ ተንፍሺ" አለቻትና ተጫነችው።

"ጭፍ" አለ። ጠርሙሱ ውስጥ ነጭ ጉም ተነሣ። ልጅቷ ስትስብ ሳሳ፤ ስትደግም ሳሳ፤ በአምስተኛው ትንፋሽ ከጠርሙሱ ጀርባ የነርሷን ጣቶች አየኋቸው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ወደ ቤት ስንመለስ እናቷ ጠርሙሱን ልያዝልሽ ብትላት እንቢ አለች። በሁለት እጇ አቅፋው አንገቷን የእናቷ ጀርባ ላይ ደፍታ ተኛች።